ጓሳን የሚዘጋ፣ ጓሳን የሚከፍት



ዛሬ የምናገረው ማንም «የኔ» ብሎ ካርታ ስላላወጣበት መሬት ነው። ከብት ስለሚሰማራበት የወል ግጦሽ፣ ስለ ደኑ፣ ስለ ወንዝ ዳሩ፣ ስለ ብሔራዊ ፓርኩ፤ በከተማም ልጆች ኳስ ስለሚራገጡበት ሜዳና በኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መካከል ስለሚተርፈው ክፍት ቦታ። እንዲህ ያለው መሬት ነገ ምን ይሁን የሚለው በየጊዜው ይታቀዳል። ይከለል ይባላል፣ ይታረስ ይባላል፣ ለባለሀብት ይሰጥ ይባላል፣ ፓርክ ይሁን ይባላል። ይህ ሁሉ ሲባል በቦታው ተወልዶ ያደገው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አልተጠራም። የሚጠራው በኋላ ነው፤ ካርታው ተስሎ፣ በጀቱ ተይዞ፣ የሚመረቅበት ቀን ሳይቀር ከተቆረጠ በኋላ።

እኔ የማምነው ሕዝብ መጠራት ያለበት ወረቀቱ ገና ባዶ ሳለ ነው። ሲጠራም «አይሆንም» ቢል ቃሉ የሚቆጠርለት ሆኖ ነው። ይህን የምለው በምኞት ብቻ አይደለም። አገራችን ውስጥ ሕዝቡ ራሱ አቅዶ፣ ራሱ ዘግቶ፣ ራሱ ከፍቶ ለዘመናት ያቆየው መሬት ስላለ ነው።

ወደ መንዝ ልውሰዳችሁ። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ጓሳ የሚባል 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ደጋ አለ። ሌሊቱ ውርጭ፣ ጠዋቱ ጉም ነው። ቦታው ስሙን ያገኘው ከሚበቅልበት ሣር ነው። የጓሳ ሣር ረጅምና ጠንካራ ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛው በክረምት የሚደርበው ገሳ ይሠራበታል። በሣሩ መካከል አይጥ ይራባል፤ አይጡን ቀይ ቀበሮ ያድነዋል። ይህ ቀይ ቀበሮ በመላው ዓለም ከ500 ገደማ የማይበልጥ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኝ እንስሳ ነው። ጭላዳውም በመንጋ ሆኖ ሣሩን እየነጨ ይውላል። ከዚያ ደጋ የሚነሡት ምንጮች ግማሾቹ ወደ ዐባይ፣ ግማሾቹ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ።

እንዲህ ያለ ቦታ እንዴት እስከ ዛሬ ተረፈ? በዙሪያው ያለው መንዝ እኮ እስከ ገደሉ አፋፍ የታረሰ አገር ነው። መንዜ ገብስ የሚዘራበት ቁራሽ መሬት ፍለጋ ተዳፋት ላይ የወጣ ገበሬ ነው። ጓሳን ያተረፈው ቄሮ የሚባለው የመንዝ ሥርዓት ነው። (በቅርብ ዓመታት በወጣቶች እንቅስቃሴ ስም ከሰማነው ጋር እንዳይምታታባችሁ፤ ይህኛው የግጦሽና የሣር አስተዳደር ነው።) ትውፊቱ እንደሚለው አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች በ17ኛው ክፍለ ዘመን አገሩን ሲይዙ ጓሳን ለእርሻ ሳይሆን ለሣርና ለግጦሽ ለይተው አስቀመጡት። ከእነሱ የሚወለደው ሁሉ በጓሳ የመጠቀም መብት ነበረው። የሚያስተዳድሩትንም አለቆች የሚመርጠው ባለመብቱ ራሱ ነበር፤ ከላይ የሚሾም አልነበረም።

አሠራሩን ጠጋ ብለን እንየው፤ ለዛሬው ንግግሬ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና። ጓሳ ይዘጋል። ሲዘጋ ለአንድ ወር ወይም ለሁለት ወር ብቻ አይደለም፤ ሣሩ እስኪደርስ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ድረስ ተዘግቶ ይቆያል። በዚያ ጊዜ ሣር ማጨድ የለም፣ እንጨት መልቀም የለም፣ ከብት ማሰማራት የለም። ሣሩ ደረሰ አልደረሰ የሚለውን የሚፈርዱት ሣሩን ሲያዩት የኖሩ ሰዎች ናቸው። ደርሷል ሲባል በበጋው አጋማሽ፣ በየካቲትና በመጋቢት ግድም፣ የሚከፈትበት ቀን ለሕዝቡ ይነገራል። መጀመሪያ አጫጁ ይገባል፤ ሣሩ ታጭዶ ካለቀ በኋላ ከብቱ ይገባል። ደግሞም የሚወጣበት ቀን የታወቀ ነው፤ በሐምሌ 5፣ በሐምሌ አቦ፣ ክረምቱ ሲገባ ሰውም ከብትም ጓሳን ለቆ ይወርዳል። ቀኑ በቤተ ክርስቲያን በዓል የታሰረ ስለሆነ አልሰማሁም የሚል አይኖርም። ሕጉን የጣሰ ደግሞ በራሱ ጎረቤቶች ይቀጣል።

ይህን አንድ የመሬት አጠቃቀም ባለሙያ ይመልከተው። የተከለለ ቦታ አለ፣ የአጠቃቀም ቅደም ተከተል አለ፣ የዕረፍት ጊዜ አለ፣ ተጠያቂ አስተዳዳሪ አለ፣ ቁጥጥርና ቅጣት አለ፣ ለክፉ ቀን የሚሆን መጠባበቂያም አለ፤ ድርቅ ሲመጣ ሌላው ግጦሽ ሲያልቅ ጓሳ ነበር የሚከፈተው። ዛሬ በብዙ ገንዘብ አማካሪ ተቀጥሮ የሚጻፍ የአስተዳደር ዕቅድ ከዚህ የተለየ ምን ይዞ ይመጣል? አንድ የሚለየው ነገር አለ። የመንዝ ዕቅድ ሲወጣ ዕቅዱ የሚጎዳውና የሚጠቅመው ሰው አንድ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዘንድሮ ይዘጋ የሚለው ሰው የራሱ በሬ ጓሳ እንደማይገባ እያወቀ ነው ይዘጋ የሚለው።

ቄሮ እንከን የለሽ አልነበረም፤ ስለ ሕዝብ ተሳትፎ የምንናገር ሰዎች ይህን ደብቀን መናገር የለብንም። መብቱ በዘር ሐረግ የታሰረ ስለነበር ከአቅኚዎቹ ያልተወለደ ሰው፣ ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረ ሰው፣ ጓሳን ከሩቅ ያየው ነበር እንጂ አይገባበትም። ሴቶች እንጨቱን የሚሸከሙ እነሱ ሆነው ሳለ አለቆቹ ሲመረጡ ድምፃቸው አይሰማም ነበር። ስለዚህ በ1967 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግና ቄሮ ሥልጣኑን ሲያጣ ያዘነም የተደሰተም ነበር። እስከዚያ ድረስ ተከልክሎ የኖረው ጎረቤት ገባ። ጓሳ የሁሉ ሆነ። ይህ ፍትሕ ነበር፤ ነገር ግን ቄሮ ሲፈርስ የመዝጊያና የመክፈቻው ሥርዓትም አብሮ ላላ፤ ጓሳም ተጎዳ።

መንዝን የማደንቀው ከዚህ በኋላ ስላደረገው ነገር ነው። ማንም ከላይ ሳያዛቸው በዙሪያው ያሉት ቀበሌዎች ተሰባስበው የጓሳ ኮሚቴ አቋቋሙ። አሮጌውን ሥርዓት እንዳለ አላመጡትም። የዘር ሐረጉን ትተው የመዝጊያውንና የመክፈቻውን ልማድ አስቀሩ፤ ቀድሞ ተከልክለው የነበሩትንም ሰዎች አባል አደረጉ፤ መተዳደሪያ ደንብ አወጡ፤ ጠባቂዎች መደቡ። በኋላ የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ እውቅና ሰጠው። ጓሳ ዓለም አቀፍ እውቅናም አገኘ። ዛሬ ጭላዳን የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች እዚያ ዓመታትን ያሳልፋሉ፤ ቀይ ቀበሮውም እዚያው አለ። ብሔራዊ ፓርክ ያልሆነ፣ ማንም ያልተነቀለበት ቦታ ነው።

አሁን ከጓሳ ጋር ሊነጻጸር ወደሚችል ሌላ ደጋ እንሂድ፤ ወደ ሰሜን ተራሮች። እዚያም ቀይ ቀበሮ አለ፣ ጭላዳ አለ፤ በተጨማሪም ዋልያ አለ። እዚያም በዙሪያው ገብስ አምራች ገበሬ አለ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በጋዜጣ ሲታወጅ በክልሉ ውስጥ ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ ያርሱ ነበር፤ ከብት ያሰማሩ ነበር። ፓርኩን ያሰቡት የውጭ ባለሙያዎችና የአዲስ አበባ ባለሥልጣናት ነበሩ። የወሰኑ መስመር በካርታ ላይ ሲሰመር የገበሬው መንደር ከመስመሩ ውስጥ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ገበሬ በገዛ ቀዬው ውስጥ ሕገ ወጥ ነዋሪ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በደርግ ዘመን፣ በሰሜኑ ገደል ሥር ያሉ መንደሮች ነዋሪዎች በግድ ተነሡ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ የዋልያ ቁጥር በማሽቆልቆሉ፣ በእርሻና በግጦሽ ግፊት ምክንያት «አደጋ ላይ ያለ ቅርስ» በሚል መዝገብ ውስጥ ገባ።

ከዚህ መዝገብ ለመውጣት ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ የግጭ መንደርን ማንሣት ነበር። ግጭ በፓርኩ እምብርት በከፍተኛ ሜዳ ላይ የነበረ የቆየ መንደር ነው። በ2008 ዓ.ም. ነዋሪዎቹ ካሳ ተቀብለው ወደ ደባርቅ ከተማ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2017 ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። በወረቀት ላይ የተሳካ ሥራ ነው፤ ዋልያውም ቀይ ቀበሮውም እንዲተርፉ እኔም ከልቤ እፈልጋለሁ። ነገር ግን ከእነዚያ ነዋሪዎች አንዱን በዓይነ ሕሊናችሁ እዩት። ገብስ መዝራትና በግ ማርባት የሚያውቅ ሰው ነው። እርሻውና መንጋው በተራራው ላይ ቀሩ። ከተማ ገብቶ ቤት መሥሪያ ቦታና ጥሬ ገንዘብ ይዟል። ገንዘቡን ቤት ይሠራበታል፤ ከዚያ በኋላ በምን ይኖራል? በወረቀቱ ላይ በፈቃደኝነት ተነሣ ተብሎ ተጽፏል። ለዚህ ሰው ግን «ትነሣለህ ወይስ ትቆያለህ?» የሚለው ጥያቄ በእውነት የቀረበለት መቼ ነው? መስመሩ የተሰመረው እሱ ወይም አባቱ ሳይጠየቁ ነው፤ ከ46 ዓመት በኋላ የቀረበለት ጥያቄ በምን ያህል ካሳ ትነሣለህ የሚለው ብቻ ነው።

በነጭ ሣር የሆነውም ከዚህ አይርቅም። በ1996 ዓ.ም. አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅት የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክን እንዲያስተዳድር ከመንግሥት ጋር ውል ሲፈራረም በፓርኩ ውስጥ ኮሬዎችና ጉጂዎች ነበሩ። ኮሬዎች ወደ ሌላ ቦታ ተወሰዱ፤ የጉጂዎቹ ጉዳይ ሳይፈታ ቀረ። ድርጅቱ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በ2000 ዓ.ም. ውሉን ትቶ ወጣ። በአዋሽ ከረዩዎች ግጦሻቸው ፓርክ ሆኖባቸው እስከ ዛሬ ከጠባቂዎች ጋር ይጋጫሉ። በየቦታው ስሙ ይለያያል እንጂ ሥሩ አንድ ነው፤ ካርታውን የሳለው ሰው ቦታው ላይ የሚኖረውን ሰው አላነጋገረውም።

ጓሳና የሰሜን ተራሮች አንድ ዓይነት ናቸው አልልም። ዋልያ ጓሳ ውስጥ የለም፤ የሰሜኑ ቦታ ሰፊ ነው፤ የሕዝቡም ብዛት ይለያያል። ግን ስለ ሕዝብ አቅም ስንከራከር አንዱን ምሳሌ ብቻ እየጠቀስን ሌላውን መርሳት የለብንም። «ገበሬው ዛፍ ቆራጭ ነው፣ አውሬ አዳኝ ነው፣ ካልተነሣ አይተርፍም» ለሚል ሰው መንዝ ሄዶ ይመልከት ብዬ እመልሳለሁ።

ሕጋችን በዚህ በኩል ዝም ያለ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ሀብት ነው ይላል፤ ገበሬው ከይዞታው እንዳይነቀል፣ አርብቶ አደሩም ከግጦሹ እንዳይፈናቀል ጥበቃ ይሰጣል። በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷል። በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች ሲታቀዱና ሲተገበሩ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ ይደነግጋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማው ሰነድ ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና የሕዝብ አስተያየት እንዲካተትበት ያዛል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት ስለ ሥራው ዓይነትና ጥቅም ሊማከር እንደሚገባ ይናገራል።

እንግዲህ ችግሩ ያለው ከሕጉ ወደ ቀበሌው በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን ስብሰባ ልግለጽ። ሰዎች በዋርካ ጥላ ሥር፣ በድንጋይ ላይ፣ በሣር ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊት ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛና ሦስት አራት ወንበር አለ። ስብሰባው ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ ለአምስት ሰዓት ይጀመራል። ከወረዳው የመጣው ኃላፊ ስለ ልማት ይናገራል፤ ባለሙያው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ካርታ ያሳያል። ካርታው ትንሽ ነው፤ ከኋላ የተቀመጡት አያዩትም፤ ቢያዩትም ሰሜንና ደቡቡ የቱ እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም። አንድ ሽማግሌ ይነሣሉ። «የከብቱ ውኃ መውረጃ በዚህ መስመር የት ገባ?» ይላሉ። «አባባ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በሂደት ይታያል» ይባላሉ። አንዲት እናት «እንጨት የምንለቅመውስ ከየት ነው?» ትላለች። ለሷም «አማራጭ ይመቻቻል» ተብሎ ይመለስላታል። ከዚያ ስም፣ ፆታ፣ ፊርማ የሚል መዝገብ ይዞራል፤ መጻፍ የማይችለው አውራ ጣቱን ያትማል። ቃለ ጉባኤው አብሮ ይዘጋጃል፤ «ተሰብሳቢው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ይላል። የሽማግሌው ጥያቄ በቃለ ጉባኤው ውስጥ የለም፤ የሴትዮዋም የለም። ማታ ሪፖርቱ «የሕዝብ ምክክር ተደርጓል» ብሎ ወደ ዞን ይላካል።

ያ ሽማግሌ የጠየቁት ጥያቄ የአንድ አካባቢ ዕቅድ ልብ ነው። የውኃ መውረጃው ከተዘጋ ከብቱ አጥር ያፈርሳል፤ አጥር ሲፈርስ ጥበቃው ይቀጣል፤ ቅጣቱ ጠብ ይወልዳል፤ ጠቡ ዕቅዱን ይበላል። ሽማግሌው ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረውታል። ባለሙያው በያዘው የሳተላይት ምስል ላይ ይህ አይታይም። ምስሉ ከብቱ በየትኛው ወር በየት እንደሚያልፍ አይናገርም፤ የትኛው ምንጭ በግንቦት እንደሚደርቅ አይናገርም፤ የትኛው ጥግ የሁለት ቀበሌ የቆየ ቅሬታ እንዳለበት አይናገርም።

በሕዝብ ላይ ሁልጊዜ የሚቀርቡ ሁለት ክሶች አሉ። አንዱ ሕዝብ ዕውቀት የለውም የሚለው ነው፤ ለዚህ ጓሳ መልስ ሰጥቶናል። ሁለተኛው ጊዜ ይፈጃል የሚለው ነው። ይህኛው እውነት አለው። ሕዝብን በወጉ ማማከር ወራት ይወስዳል፤ አንዳንዴ ዓመት። ግን ሳያማክሩ መጀመር የሚያስከፍለውን ጊዜ ቁጠሩ። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን በዙሪያው ያለው ገበሬ መሬቴ ሊሄድ ነው ብሎ ሰጋ። ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። በጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ ተሰረዘ። የባለሙያዎቹ የዓመታት ድካም ወረቀት ሆኖ ቀረ፤ የጠፋው ሕይወት ግን አይመለስም። አንድ ከተማና በዙሪያው ያለ ገጠር ወደ ፊት እንዴት አብረው ይኑሩ የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ጥያቄው ገና ጥያቄ ሳለ ለገበሬው መቅረብ ነበረበት።

በአገራችን መልካም ጅምሮችም አሉ። በአዳባ ዶዶላ ደን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዋጂብ በሚባለው አሠራር በደኑ ውስጥና ዳር የሚኖሩ አባወራዎች እስከ 30 እየሆኑ ተደራጅተው፣ ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ገደማ እየታሰበ፣ የደኑን ክፍል ከመንግሥት ጋር ተዋውለው ተረከቡ። 12 ሄክታር የሚለው ልክ አንድ ቤተሰብ ደኑን ሳይጨርስ የሚተዳደርበትን ግምት ይዞ የወጣ ነው። በወላይታ ሁምቦ ደግሞ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ እንዲያገግም ሲታሰብ ሕዝቡ መጀመሪያ መሬታችንን ሊወስዱብን ነው ብሎ ተጠራጠረ። ጥርጣሬው የቀነሰው ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው የመጠቀም መብታቸው ከታወቀላቸው በኋላ ነው። ተራራው ከተቆረጡ ግንዶች ሥር ራሱ እያቆጠቆጠ ለመለመ። በሁለቱም ቦታ የሕዝቡን ልብ ያመጣው በእጁ የገባው መብት ነው። በስብሰባ ላይ ብቻ የተሰጠ ተስፋ ከብት ከሣር አይመልስም።

በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ለተፋሰስ ልማት የሚወጣውን ሕዝብ አስቡት። ወንዱም ሴቱም ዶማና አካፋ ይዞ ለሳምንታት እርከን ይሠራል፤ ያለ ክፍያ። ይህን የሚያህል ጉልበት የሚሰጥ ሕዝብ በዓለም ብዙ አይደለም። ነገር ግን የትኛው ተራራ ቀድሞ ይከለል፣ ከተከለለ በኋላ ሣሩን ማን ያጭዳል፣ መሬት የሌለው ወጣት ንብ ያንብበት ወይስ በግ ያድልብበት የሚለው ሲወሰን ያን ዶማ የያዘ ሰው ይጠየቃል? በተጠየቀበት ቦታ ክልሉ ይጠበቃል። ባልተጠየቀበት ቦታ ሌሊት ከብት ይገባል። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ራሱ ይነግራችኋል።

ከተማም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። የአንድ ሰፈር ነዋሪ ስለ ቀዬው ዕጣ የሚያውቀው አጥሩ ላይ በቀይ ቀለም የተሰመረ ምልክት ሲያይ ነው። መንገድ ይስፋ፣ ወንዝ ይጥራ፣ መናፈሻ ይሠራ፤ ማንም አይጠላም። ግን በዚያ ሰፈር ውስጥ ዕድር አለ፣ ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ አለ፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጉልት የሚቀመጡ እናቶች አሉ። በአዲሱ ንድፍ ውስጥ እነዚህ የት ይገባሉ? ንድፉን የሚሠራው አርክቴክት የዕድሩን ዳኛ ለአንድ ሰዓት ቢያነጋግር ከሚሠራው መናፈሻ ውስጥ ለቅሶ የሚቀመጡበት ቦታ ይኖረው ነበር። ሰው የሚሞትበት ከተማ ነው፤ ድንኳን ይተከላል።

የምንጠራው ሕዝብ ማን እንደሆነ ግን እንጠንቀቅ። «ሕዝቡ ተስማምቷል» ሲባል ብዙ ጊዜ የተስማሙት ቀበሌው የሚያውቃቸው አሥር አሥራ አምስት ወንዶች ናቸው። ከጓሳ የተማርነው ትልቁ ነገር ይህ መሰለኝ፤ የድሮው ቄሮ ያገለላቸውን ሰዎች ኮሚቴው ማስገባት ነበረበት። ዛሬም እንጨት የምትለቅመዋ ሴት፣ በግ የሚጠብቀው ልጅ፣ መሬት ያልደረሰው ወጣት፣ በበጋ ብቻ የሚመጣው ዘላን፣ ከሌላ አካባቢ መጥቶ የሰፈረው፣ ካልተፈለጉ አይመጡም። ስብሰባው በገበያ ቀን ከሆነ ሴቶች የሉም። በመዝሪያ ወቅት ከሆነ ማንም የለም። በአዳራሽ ውስጥ አንዲት ሴት ከአማቷ ፊት ተነሥታ ላትናገር ትችላለች፤ ምንጭ ወርዳ ከጓደኞቿ ጋር ሆና ግን ሁሉንም ትነግራችኋለች። ስለዚህ ዕቅድ የሚያዘጋጀው ሰው ምንጭ ድረስ ይውረድ። ይልመደው፤ ሥራው ነውና።

በዚህ አዳራሽ የዕቅድ ባለሙያዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለእናንተ በተለይ የምለው አለኝ። ወደ ቀበሌ ስትሄዱ ካርታውን ሠርታችሁ አትሂዱ። የቀበሌው ሰዎች መሬት ላይ በአመድና በጠጠር ይሳሉት፤ ወንዙን ይሥሩት፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን ያስቀምጡት፣ የከብቱን መንገድ ያሳዩአችሁ። ከዚያ የእናንተን ካርታ በዚያ ላይ ሥሩ። «ይህ ቢሆን ምን ይመጣል?» ብላችሁ ስትጠይቁ ምንም ባይደረግስ የሚለውንም አማራጭ አንድ ላይ አቅርቡ። ሦስት አማራጭ ይዛችሁ ሄዳችሁ ሕዝቡ አራተኛ ቢያመጣ ደስ ይበላችሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱና የተባለውን ምን እንዳደረጋችሁበት ንገሯቸው፤ የተቀበላችሁትን፣ ያልተቀበላችሁትን፣ ያልተቀበላችሁበትንም ምክንያት። ሰው ሐሳቡ ተሰምቶ ሳይፈጸም ቢቀርም ምክንያቱ ከተነገረው ይታገሣል። ጭራሽ መልስ ሲያጣ ግን ሁለተኛ አይናገርም።

ለነዋሪዎችም የምለው አለኝ። ስብሰባ ሲጠራ አትቅሩ፤ ፊርማ ከመፈረማችሁ በፊት ቃለ ጉባኤው ጮክ ብሎ ይነበብላችሁ በሉ። ያነሣችሁት ጥያቄ ከሌለበት «የእኔ ጥያቄ ይጻፍ» ማለት መብታችሁ ነው። ቅጂውን ጠይቁ። የወረዳው ኃላፊ ይቀየራል፣ ባለሙያው ይዛወራል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ «እንዲህ ተባብለን ነበር» ብትሉ የሚያምናችሁ አይኖርም። ስለዚህ የቃለ ጉባኤው አንድ ቅጂ፣ ማኅተም ያለበት፣ በዕድሩ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ቁልፉንም ከሴቶቹ አንዷ ትያዘው።